ቆዳ ለመስፋት ባለሞተር መኪና ሲገዛ ከሞተሩ በፊት መታየት ያለበት ምንድን ነው?

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የምትገኘው ባሱንዳ ከኢትዮጵያ ጋር የምትዋሰን፣ ኑሮዋ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ላይ የተመሠረተ አካባቢ ናት። የአረምና የአጨዳ ወቅት በደረሰ ቁጥር ከኢትዮጵያ የሚሻገሩ የቀን ሠራተኞች ወደዚህ ቀጣና ይጎርፋሉ። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ከተሰደዱት ከ60 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በዚሁ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፍረዋል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ገዳሪፍ ከሌሎች ግዛቶች የተፈናቀሉ በርካታ ሱዳናውያንን አስጠግታለች።

እንዲህ ባለ ስፍራ ቆዳ መስፋት የሚችል ሰው ሥራ አያጣም። የሚጠገን ጫማና የሚቀየር የቦርሳ ማንገቻ ሁልጊዜ አለ። ሱዳናውያን የሚወዱት መርኩብ የተሰኘው የቆዳ ጫማ፣ ቀበቶ፣ የቢላ አፎትና ኮርቻም ገበያ አላቸው። በወስፌና በእጅ የሚሠራ ባለሙያ ባለሞተር መኪና ቢያገኝ የቀን ገቢው እንደሚጨምር ያውቃል። ችግሩ መኪናው የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ለዓመታት በተጠራቀመ ወይም ዘመድ ከውጭ በላከው ገንዘብ መሆኑ ነው። ምርጫው ከተሳሳተ ለሌላ መኪና የሚሆን ገንዘብ አይኖርም።

በገበያ ላይ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው የሞተሩን ጉልበት ነው። ሻጩም የሚያወድሰው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቆዳ የሚያስቸግረው መርፌው ስለማይበሳው ብቻ አይደለም፤ ዋናው ችግር ቆዳውን ሳያንሸራትቱ ወደፊት ማስኬዱ ነው።

በተለመደው የልብስ ስፌት መኪና ጨርቁን የሚያስኬዱት ከሥር ያሉት ጥርሶች ብቻ ናቸው። ከላይ ያለው እግር ተጭኖ ከመያዝ ሌላ ሥራ የለውም። ሁለት ድርብ ቆዳ ሲገባበት የታችኛው ይሄዳል፣ የላይኛው በእግሩ ተይዞ ወደኋላ ይቀራል። ስፌቱ ያጥራል፣ ጠርዙም ይዛባል። ጨርቅ ቢሆን ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። ቆዳ ግን አንዴ የተበሳውን ቀዳዳ አይደፍንም፤ ቀዳዳዎቹ ከተቀራረቡም እንደ ቴምብር ጠርዝ በዚያው መስመር ይቀደዳል። ለቦርሳና ለቀበቶ በአንድ ስፌትና በቀጣዩ መካከል ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ርቀት የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

ለቆዳ የተሠሩ መኪኖች ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። እግሩ፣ መርፌውና የታችኛው ጥርስ አንድ ላይ ይራመዳሉ፤ መርፌው ቆዳው ውስጥ እንዳለ ድርቦቹን ሁሉ እኩል ይዞ ይሄዳል። የጀርመኑ ፋፍ 545፣ አድለር 67 እና የሲንጀር 111 ዓይነት አሮጌ መኪኖች እስካሁን የሚፈለጉት በዚህ አሠራራቸው ነው። በዚህ መልክ የሚራመድ መኪና በደካማ ሞተርም ቆዳ ይሰፋል። የማይራመደው መኪና ላይ ኃይለኛ ሞተር መግጠም ግን ስህተቱን ከማፍጠን በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም። ደግሞም ሞተር በማንኛውም ጊዜ ሊቀየር ይችላል፤ የመኪናው አካል ግን እንደተገዛ ይኖራል።

ይህ ማለት ግን የልብስ መኪና ለቆዳ ጨርሶ አይሆንም ማለት አይደለም። እንደ ኢትዮጵያ ደጋ በግ ያለ ስስና ልስልስ ቆዳን፣ የቆዳ መርፌ ተገጥሞለትና ቀስ ተብሎ፣ አሮጌ የብረት ሲንጀር በደንብ ይሰፋዋል። ቀበቶ ወይም ኮርቻ ሲሰጡት ግን መርፌው ይሰበራል፣ የውስጥ አካሉም ይዛነፋል። በሱዳን ጋራድ በሚባለው የግራር ፍሬ የለፋ የአገር ቤት ቆዳ ከፋብሪካው ይልቅ ጠንከር ይላል። በእጅ ስለሚፋቅም ውፍረቱ አንድ ዓይነት አይሆንም። ይህን የሚሰፋ ሰው መኪናውን ከመውቀስ በፊት ጠርዙን በስለት ማሳሳት ይጠቅመዋል።

ለጫማ ጥገና ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ። ክንዱ ቀጭንና ረጅም፣ እግሩ በየአቅጣጫው የሚዞር፣ በእጅ መዘውር ወይም በእግር የሚነዳ መኪና ነው። ስመ ጥሩው ሲንጀር 29ኬ ነው። "ኬ" የሚለው ፊደል ስኮትላንድ ውስጥ ኪልቦዊ ከነበረው ፋብሪካ የመጣ ነው፤ ፋብሪካው እ.አ.አ. በ1980 ቢዘጋም መኪናው ዛሬም ይሠራበታል። ከቻይና የሚመጣው ርካሽ አምሳያው ያልተሞረዱ ጠርዞች ስላሉት ክር ይበጥሳል፣ ከተገዛ በኋላም መስተካከል ይፈልጋል። የሁለቱም ዓይነት የታችኛው ክር ማጠንጠኛ ትንሽ ስለሆነ በብዛት ለማምረት አይመችም። መብራት በማይኖርበት ቀን ሥራ የማይቆመው ግን በእነዚህ ነው። ለድንበር አካባቢ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ወደ ሞተሩ ስንመለስ ሁለት ዓይነት አለ። የቆየው ክላች ሞተር ማብሪያው ከተጫነ ጀምሮ፣ ሰፊው ባይሰፋም፣ ያለማቋረጥ ይሽከረከራል። ሲነሣም በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ አነስተኛ ጀነሬተርን ያስጨንቃል። አዲሱ ሰርቮ ሞተር ኃይል የሚወስደው በዋናነት ፔዳሉ ሲረገጥ ነው። ፍጥነቱም ስለሚገደብ አንድ አንድ ስፌት እየተቆጠረ መሥራት ይቻላል። በሶላር ለሚሠራ ሰው ምርጫው ይኸኛው ነው። ሆኖም የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው በኃይል መዋዠቅ ስለሚቃጠል ያለ ኃይል ማመጣጠኛ ባይሠራበት ይመከራል።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 110 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ ያለው መብራት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ከፋብሪካ የወጣ ከሆነ ደግሞ በቤት መስመር የማይሠራ የ380 ቮልት ሦስት ፌዝ ሞተር ሊኖረው ይችላል። ከሞተሩ ቀጥሎ መርፌው ይታያል። እንደ ሲንጀር 111 ላሉ መኪኖች ለቆዳ የሚሆነው 135x16 የተባለው ዓይነት ሲሆን ለልብስ መኪና ከሚሸጠው ጋር አይገጥምም። ቁጥር 18 መርፌ ለቀጭን የናይለን ክር፣ ቁጥር 22 ደግሞ ለወፍራሙ ይሆናል። በአቅራቢያ ገበያ መርፌው የማይገኝለት መኪና ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው።

ሻጮች መኪናውን የሚያሳዩት ስስ ቁራጭ ጨርቅ እየሰፉ ነው። ገዢው የራሱን ቆዳና የራሱን ክር ይዞ ቢሄድ ይሻላል። ቆዳውን አራት ድርብ አጥፎ በመጀመሪያ ሞተሩን ሳያበራ መዘውሩን በእጁ ያዙር። መዘውሩ የሚይዝበት ቦታ ካለ አንድ የተበላሸ አካል አለ ማለት ነው። ቀጥሎ በዝግታ ሰፍቶ ቆዳውን ይገልብጠው፤ የታችኛው ክር ከተዝረከረከ ወይም ድርቦቹ በጠርዝ ካልተገናኙ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ መተው ይሻላል።

የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በዝናብ ወቅት መንገድ ይዘጋል። ትርፍ መርፌ፣ ቺንጊያና የመኪና ዘይት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ተገዝተው መቀመጥ አለባቸው።