«ሚሊ» ወይስ «ሺኛ»? በጦር ሜዳ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች የርቀት መገመቻና የማነጣጠሪያ ስያሜዎች

የጦር ሜዳን የሚያስመስሉ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ በቅድሚያ የሚያስቸግሩት የጠመንጃ መነጽርን የሚመለከቱት ቃላት ናቸው። ተርጓሚው የውጭውን ቃል በድምፁ ወስዶ ቢያልፍ ነገሩ ለአንባቢው አይገለጽለትም፤ ቃል በቃል ቢተረጉመው ደግሞ አማርኛው ሌላ ነገር ይናገራል። በዚህ ጽሑፍ ርቀትን ስለ መገመትና በመነጽር ስለ ማነጣጠር የሚነገሩትን ዋና ዋና ፅንሰ ሐሳቦች መርምረን ለእያንዳንዳቸው የሚስማማውን ስያሜ እናቀርባለን። መነሻችንም አንድ ነው፤ ይኸውም ስያሜ ከመውጣቱ በፊት የሚሰየመው ድርጊት እንዴት እንደሚከናወን መታወቅ አለበት የሚለው ነው።

1. ጥይትና አረር

ጨዋታዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። እንደ ካውንተር ስትራይክ ባሉት ቃታው በተሳበበት ቅጽበት ኢላማው እንደ ተመታ ስለሚቆጠር ርቀትን መገመት አያስፈልግም። የቼኩ ኩባንያ ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ ባዘጋጃቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው አርማ 2 እና በ2013 በወጣው አርማ 3 ግን ከአፈሙዙ የወጣው ነገር ጊዜ ወስዶ ይጓዛል፤ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ወደ መሬትም ይወርዳል።

ይህን ተጓዥ ነገር ምን እንበለው? በተራ ንግግር «ጥይት» ይባላል። ይሁንና ጥይት ቀለሁን፣ ባሩዱንና አረሩን አንድ ላይ የያዘው ነው፤ አየር ሰንጥቆ የሚሄደው አረሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ጉዞው ሲነገር «አረር» መባሉን እንመርጣለን። አወራረዱንም «የአረር ውድቀት» ማለት ሽንፈትን ስለሚያሳስብ «የአረር መውረድ» ይሻላል። መጠኑ የሚናቅ አይደለም። የድራጉኖቭ ጠመንጃ አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ 830 ሜትር ያህል ይፈጥናል፤ የአየር መቋቋም ባይኖር እንኳ 400 ሜትር እስኪደርስ ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል። ርቀቱን ያልገመተ ተኳሽ ደረት ላይ አነጣጥሮ መሬት የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ርቀትን መገመት

ለድራጉኖቭ የተሠራው፣ በአርማ 2 ውስጥም የሚገኘው ፒኤስኦ-1 የተባለው መነጽር በውስጡ የርቀት መገመቻ አለው። በስተታች አንድ አግድም መስመር፣ ከበላዩ ደግሞ 2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 የሚሉ ቁጥሮች ያሉበት ጎባጣ መስመር ተሥሏል። ተኳሹ የሰውየውን እግር በአግድሙ መስመር ላይ ያሳርፍና ራሱ ጎባጣውን የሚነካበትን ቁጥር ያነባል፤ ቁጥሩ በ100 ሲባዛ ርቀቱን በሜትር ይሰጣል።

ስሌቱ የሰውየው ቁመት 1.7 ሜትር ነው በሚል ግምት ላይ የተመሠረተ ነው። በ300 ሜትር ላይ በርከክ ብሎ ቁመቱ በግማሽ ያጠረ ሰው በመነጽሩ ሲለካ 600 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል፤ ለ600 የተተኮሰውም አረር በራሱ ላይ ያልፋል። እንግዲህ መሣሪያው ግምትን የሚያግዝ እንጂ ርቀትን በቀጥታ የሚለካ ስላልሆነ «የርቀት መለኪያ» ብለን ልንጠራው አይገባም፤ «የርቀት መገመቻ» ነው። «መለኪያ» የሚለው ስም ለጨረር መሣሪያው ይቆይ። ይህን ልዩነት ያልጠበቀ ትርጉም ተጫዋቹን ከመጠን በላይ እንዲተማመን ያደርገዋል።

3. «ሚሊ» ወይስ «ሺኛ»

በሌሎች መነጽሮች ላይ ርቀት የሚገመተው በነጥቦች ወይም በጭረቶች ነው። በሁለት ምልክቶች መካከል ያለው የማዕዘን ስፋት በእንግሊዝኛ በአጭሩ «ሚል» ይባላል፤ ስሌቱም የኢላማው ቁመት በሜትር ተወስዶ፣ በ1000 ተባዝቶ፣ በሚሎቹ ቁጥር ይካፈላል ነው። ቁመቱ 1.8 ሜትር የሆነ ሰው 4.5 ቢሸፍን ርቀቱ 400 ሜትር ይሆናል። 4.5ን 4 ብሎ ያነበበ ተጫዋች 450 ሜትር ስለሚያገኝ የግማሽ ጭረት ስሕተት የ50 ሜትር ስሕተት ይወልዳል።

ተርጓሚዎች «ሚል»ን «ሚሊ» ቢሉ አደጋ አለው። በአማርኛ ንግግር «ሚሊ» የሚሊሜትር ወይም የሚሊሊትር አጭር ስም ሆኖ ሥር ሰዷል፤ «4 ሚሊ» ብሎ ያነበበ ሰው የሚያስበው ርዝመትን እንጂ ማዕዘንን አይደለም። ሩሲያውያን ይህንኑ መለኪያ በቋንቋቸው «አንድ ሺኛ» ብለው ይጠሩታል። አማርኛም «መቶኛ»ን በሒሳብ ሲጠቀምበት ስለኖረ «ሺኛ» ለጆሮው እንግዳ አይሆንበትም። የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ስሙ ስሌቱን በውስጡ መያዙ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሺኛ የርቀቱን አንድ ሺኛ ይሸፍናል፤ በ1000 ሜትር 1 ሜትር፣ በ500 ሜትር ግማሽ ሜትር ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ሺኛው በሁሉም ዘንድ አንድ ልክ የለውም። የሶቪየት ሠራዊት ክቡን በ6000፣ ኔቶ በ6400 ይከፍለዋል፤ ሒሳባዊው ሚሊራዲያን ደግሞ ከክቡ 6283 ገደማ ይወጣል። በዚህም ምክንያት አንድ ሺኛ በ1000 ሜትር በሶቪየቱ 1.05 ሜትር፣ በኔቶው 0.98 ሜትር ያህል ይሸፍናል። ለጨዋታ ልዩነቱ ጥቂት ስለሆነ «ሺኛ»ን የወል ስም አድርገን፣ ጥንቃቄ በሚያሻበት ቦታ «የኔቶ ሺኛ»፣ «የሶቪየት ሺኛ» ማለት ይበቃል።

4. ማስተካከልና ማነጣጠር

ርቀቱ ከታወቀ በኋላ ተኳሹ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የመነጽሩን መዘውር አዙሮ የዓይን መስመሩና አረሩ በዚያ ርቀት እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ይህን ድርጊት እንግሊዝኛው ከ«ዜሮ» ባወጣው ግሥ ይጠራዋል፤ በአማርኛ «ዜሮ ማድረግ» ግን ማጥፋት፣ ባዶ ማስቀረት ነው። «ልክ ማስገባት»ም ሰውን መቅጣት ስለሚሆን አይስማማም። ስለዚህ «መነጽሩን ለ400 ሜትር ማስተካከል» የሚለውን ግልጽ አነጋገር እንመርጣለን።

ሁለተኛው መንገድ መዘውሩን ሳይነኩ ከኢላማው በላይ ማነጣጠር ነው። የፒኤስኦ-1 ዋና ምልክት በመዘውሩ እስከ 1000 ሜትር ይስተካከላል፤ ከሥሩ ያሉት ሦስት ምልክቶች ለ1100፣ ለ1200 እና ለ1300 ሜትር ያገለግላሉ። በዚህ ቦታ «ማለም» ከሚለው ግሥ መጠንቀቅ ያሻል። በጥንቱ አጻጻፍ «ዐለመ» ከ«ሐለመ» ይለይ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም «አለመ» ተብለው ስለሚጻፉ «ከፍ አድርጎ ማለም» ታላቅ ምኞት መመኘት ይመስላል። «አልሞ ተኳሽ» የቆየና የማያሻማ ስለሆነ እንደ ያዘ ይቀጥል፤ ለድርጊቱ ግን «ከፍ አድርጎ ማነጣጠር» ይባል።

ለሚሮጥ ኢላማም ተመሳሳይ ችግር አለ። በሴኮንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ሰው አረሩ በግማሽ ሴኮንድ እስኪደርስ 2.5 ሜትር ይርቃል። ይህን «ቀድሞ ማነጣጠር» ብንል ከሌላው ተኳሽ መቅደምን ስለሚያሰማ «ከፊቱ ማነጣጠር» የሚለውን እናቀርባለን።

5. የቀረቡት ስያሜዎች

በመጨረሻም ከላይ የተባለውን በአጭሩ እናስቀምጣለን፦
– ማነጣጠሪያ መነጽር፦ በጠመንጃ ላይ የሚገጠመው አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር።
– የማነጣጠሪያ ምልክት፦ በመነጽሩ ውስጥ የሚታዩት መስመሮችና ነጥቦች፤ «የመስቀል ጠጉር» አይባልም።
– የርቀት መገመቻ፦ በታወቀ ቁመት ርቀትን የሚያስገምት ሥዕል።
– ሺኛ፦ የርቀቱን አንድ ሺኛ የሚሸፍን ማዕዘን።
– ማስተካከል፦ መነጽሩን ለተወሰነ ርቀት ማዘጋጀት።
– ከፍ አድርጎ ማነጣጠር፣ ከፊቱ ማነጣጠር።

ከእነዚህ መካከል ክርክር ሊያስነሣ የሚችለው «ሺኛ» እንደሆነ እንገምታለን። ተርጓሚዎች በሥራቸው ፈትነውት አስተያየታቸውን ቢልኩልን ስያሜው ከመጽናቱ በፊት ጉድለቱ ይታረማል።