ለውሻ የምንጥለው ሳንባና ጉበት

እንደሚታወቀው በበደሳ፣ በጭሮና በሌሎቹም የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ውሻ የግቢያችን ጠባቂ ነው። በፋሲካ ወይም በዐረፋ በየቤቱ በግ ሲታረድ፣ በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የታየ እንደ ሆነ፣ «ለሰው አይበጅም» ተብሎ ለውሻ ይጣላል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በከረጢቱ ውስጥ ኤኪኖኮከስ የሚባለው የኮሶ ትል እጭ ይገኛል። ውሻው በበላው ጊዜ እጩ በአንጀቱ አድጎ ጥቂት ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ትል ይሆናል። ውሻው ሕመም ሳይታይበት እንቁላሉን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይጥላል። በጎች ከሣር ጋር ይውጡታል፤ ውሻ ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የሚቆርስ ልጅም እንዲሁ ይውጠዋል። ከዚያ በኋላ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ያው ከረጢት ለብዙ ዓመታት በስውር ያድጋል፤ ሲገፋም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ይህ በሽታ በ19ኛው መቶ ዓመት አይስላንድ በምትባለው ደሴት እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። ሐራልድ ክራበ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በ1863 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ሄዶ ከመረመረ በኋላ፣ ስለ መከላከያው የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ለሕዝቡ ታደለ፤ ሕግም ወጣ። ሕዝቡ ልማዱን ስለ ለወጠ በሽታው ከጊዜ በኋላ ከደሴቲቱ ጠፋ።

ስለዚህ እኛም ከረጢት ያለበትን ሥጋ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ እንቅበር፣ ወይም እናቃጥል። ውሻችንን ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት እንዲሰጠው ወደ እንስሳት ሐኪም እንውሰድ፤ ዓይነ ምድሩንም እንቅበር። ልጆቻችን ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። መምህራንም ይህን ከበዓላት አስቀድመው ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱ እናሳስባለን።