ቢጫው ድንጋይ ሲመዘን

በሐርጌሳው ዋሄን ገበያ ገንዘብ መንዛሪዎች የሶማሌላንድ ሽልንግ እንደ ጡብ ደርድረው ይቀመጣሉ። ወርቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በግራም ይመዘናል። ወርቅ በይዘት ከሚተካከለው ውኃ አሥራ ዘጠኝ እጥፍ ስለሚከብድ ሚዛን በቀላሉ ይመሰክርለታል።

ሚዛን አዳማይት ለሚባል ብርቅ ማዕድንም ይመሰክራል። ቢጫ መስታወት የሚመስል ይህ ድንጋይ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ግን ከመስታወት ይከብዳል፤ ከውኃ አራት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። በውስጡ ሁለት የታወቁ ነገሮች ይገኛሉ፦ የጣሪያ ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው ዚንክና በመርዝነቱ ስሙ የገነነው አርሴኒክ። የዚንክ ማዕድን ከመሬት ገጽ አቅራቢያ አየርና ውኃ አግኝቶ ሲበሰብስ፣ አርሴኒክም በአካባቢው ካለ፣ ሁለቱ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ተገናኝተው ይረጋሉ።

ማዕድኑ እ.ኤ.አ. በ1866 ከቺሊ በተገኘ ናሙና ተጠንቶ በፈረንሳዊው የማዕድን አዋቂ በዢልቤር ዦዜፍ አዳም ስም ተጠራ። ሰብሳቢዎች ዛሬ የሚሻሙበት ግን በሜክሲኮ ማፒሚ ከሚገኘው የኦኹዌላ ጉድጓድ የወጣው ነው።

ችግሩ ከዚያው ጉድጓድ መልኩ የሚመሳሰል ዘመዱም መውጣቱ ነው። ሌግራንዳይት ይባላል፤ ከአዳማይት የሚለየው በውስጡ ውኃ በመያዙ ነው፤ ይበልጥ ብርቅ የሆነውም እሱ ነው። ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም አንጸባራቂ! እዚህ ላይ ባንኮች ሐሰተኛ ገንዘብ የሚለዩበት አልትራቫዮሌት መብራት ይረዳል። አዳማይት አብዛኛውን ጊዜ ቦግ ብሎ አረንጓዴ ያበራል፤ ለዚህ ምክንያቱ በውስጡ ያለች ኢምንት ዩራኒየም ናት። ሌግራንዳይት ግን ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ይህም ቢሆን አያስተማምንም፤ መዳብ የተቀላቀለበት አዳማይት ብርሃኑን ያጣል። ቢላዋ ሌላ ፍንጭ ይሰጣል፤ አዳማይት ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል። የድሮ አዋቂዎች ደግሞ ድንጋዩን በእሳት አግለው የነጭ ሽንኩርት ሽታ ይጠብቁ ነበር። ሽታው የአርሴኒክ ነው፤ ዘዴው ባይሞከር ይመረጣል።

ዓይንም መብራትም ሲያቅታቸው ሥራው ለቤተ ሙከራ ይተላለፋል። ለምሳሌ በሶማሊያ ኤል ዓሊ አቅራቢያ የነበረውን 15 ቶን የሚመዝን ከሰማይ የወደቀ ብረት እረኞች ለትውልዶች ቢላዋ ሲስሉበት ኖረዋል። ከእሱ የተቆረጠ 70 ግራም ቁራሽ ካናዳ፣ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ደርሶ በኤሌክትሮን ጨረር ሲመረመር፣ በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ሁለት ማዕድናት በመጀመሪያው ቀን ተለዩ። ፍጥነቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ተመሳሳዮቻቸው ቀደም ሲል በቤተ ሙከራ ተሠርተው ስለነበር ማነጻጸሪያ አልጠፋም። ሁለቱ ፎስፌቶች ናቸው፤ በኬሚስቶች ሰንጠረዥ ፎስፎረስ ከአርሴኒክ በላይ ስለሚቀመጥ ለነአዳማይት የሩቅ ዘመድ ይሆናሉ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሲገለጽ አንደኛው ኤላሊአይት ተብሎ በኤል ዓሊ ስም ተጠራ። ትልቁ ብረት ግን ገዢ ፍለጋ ወደ ቻይና መወሰዱ በዚያው ሰሞን ተነገረ።