«ሽፍታ» የተባለው ማን ነበር?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

ዛሬ የምንወያየው በአንዲት ቃል ላይ ነው።

በሞጣ አንድ ወጣት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጠጋ ብሎ እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «ኡስታዝ፣ የድሮውን ወሬ ሳነብ ሽፍታ፣ ሽፍታ ይላል። አያቴ ግን በእኛ በኩል በ1960 ሽፍታ የተባሉት ጎረቤቶቻችን ገበሬዎች ነበሩ ትለኛለች። ማንን ልመን?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በቀደመው አማርኛ ሸፈተ ማለት ለገዥ አልገዛም ብሎ ጫካ ገባ ማለት ነው። ርስቱን የተነጠቀም፣ ደም ያለበትም፣ ሥልጣን የፈለገም ይሸፍት ነበር። የቋራው ካሣ ኃይሉ ሸፍቶ ነበር፤ በ1847 ዓ.ም ግን አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በገበያ መንገድ አድፍጦ ነጋዴ የሚዘርፈውም ያው ሽፍታ ይባላል። እንግዲህ ቃሏ አመፀኛንም ዘራፊንም ትይዛለች። ተናጋሪው አመፀኛውን ሽፍታ ሲል ሰሚው ዘራፊ ይታየዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከአርበኛ እስከ ገበሬ

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም አገራችንን በያዘ ጊዜ አርበኞቹን ሽፍታ ይላቸው ነበር። በምሥራቅ ጎጃም የተዋጉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ለጠላት ሽፍታ፣ ለወገን አርበኛ ነበሩ። ከነፃነት በኋላ የብቸና ገዥ ሆኑ። ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ሲጣሉ ግን እንደ ሸፈቱ ተቆጠሩ፤ በጥር 1937 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። ዛሬ ስማቸው በጀግንነት ይነሣል። ሰውየው አንድ ናቸው፤ የተለዋወጠው ጠሪው ነው።

በ1960 ዓ.ም መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬ «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊሄድ ነው» ብሎ ሠጋ፤ ግብር አስገማቹን አላስገባም አለ። ጦር ዘመተበት፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ልብ በሉ፦ መንግሥት ለዘራፊ ግብር አይምርም። ምሕረቱ ራሱ የገበሬው ጥያቄ እውነተኛ እንደ ነበር ይመሰክራል።

በዚያው ዘመን በኤርትራ በ1953 ዓ.ም መጨረሻ የተጀመረው የትጥቅ ትግልና በባሌ በመሬትና በግብር በደል የተነሣው አመፅ በመንግሥት አንደበት ሁለቱም የሽፍታ ሥራ ነበሩ። ቃሏ ድንበርም ተሻገረች። በኬንያ ሰሜናዊ ክፍል የሚኖሩ ሶማሌዎች እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1967 ያደረጉት ውጊያ እስከ ዛሬ «የሽፍታ ጦርነት» ይባላል። በዚያም ግመል ጠባቂው ሳይቀር ተጠርጣሪ ሆነ።

በደርግ ጊዜ «ወንበዴ» የሚለው ቃል ገነነ። ወንበዴ የተባሉት ግን በግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም አዲስ አበባ ገብተው መንግሥት ሆኑ።

ምን እናድርግ?

ርስት፣ ግብር፣ የባዕድ ወረራ፣ ዝርፊያ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። አንድ ስም ሲለጠፍባቸው «ሰውየው ለምን ጫካ ገባ?» የሚለው ጥያቄ ይጠፋል። ለምን የሚለው ከጠፋ ደግሞ የሞተውም ሰው ሞቱ አይቆጠርም።

ሽፍታ የተባለ ሁሉ ንጹሕ ነበር አንልም። ነጋዴ ወገኖቻችን መንገድ ላይ የተዘረፉበት ጊዜ ነበር፤ ያንን ጥፋት ጥፋት እንለዋለን። ስለዚህ የድሮ ወሬ ስናነብ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ስሙን ያወጣው ማን ነው? የተባለው ሰው በእጁ ያደረገው ምንድን ነው? እሱስ ምን ይላል?

ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲደርሰን እንድናጣራ፣ ሰውንም በመጥፎ ስም እንዳንጠራ አስተምሮናል። ይህ ላለፈው ብቻ አይደለም፤ ዛሬም በየስልካችን ለሚደርሰን ስም ሁሉ ይሠራል።

ለወጣቱ የሰጠነው መልስ ይህ ነበር፦ «ጋዜጣው ስሙን ነግሮሃል፤ አያትህ ምክንያቱን ነግራሃለች። ልጄ፣ በሕይወት ሳለች አጠገቧ ተቀመጥና የምትለውን ጻፍ።» እናንተም በየቤታችሁ ያሉትን አዛውንቶች ዛሬውኑ ጠይቁ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።