«ሜዲና» የተባሉ ቤተሰቦች

በረመዳን ወር «መዲና» ሲባል የብዙ ሰው ልብ ወደ ነቢዩ ከተማ ይሄዳል። ቃሉ በዓረብኛ «ከተማ» ማለት ነው፤ እኛም አዲስ አበባን «መዲናችን» ስንል የምንጠቀመው በዚሁ ነው። ዛሬ ደግሞ ይኸው ቃል ስፔን ውስጥ እንዴት የቤተሰብ ስም እንደ ሆነ እናያለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙስሊሞች በ711 ወደ ስፔን ምድር ከተሻገሩ በኋላ ብዙ ከተሞች በዓረብኛ ተጠሩ። ሜዲና ሲዶንያ፣ ሜዲናሴሊ፣ ሜዲና ዴ ሪዮሴኮ ዛሬም አሉ። ግራናዳን ያስገበረችው ንግሥት ኢዛቤላ እንኳ በ1504 ያረፈችው ሜዲና ዴል ካምፖ በተባለችው የገበያ ከተማ ነው።

ከእነዚህ ከተሞች ወጥቶ ሌላ ስፍራ የሰፈረ ሰው «ዴ ሜዲና»፣ ማለትም የሜዲናው ሰው ይባል ነበር። በስፔን የቤተሰብ ስም እንደ እኛ የአባት ስም በየትውልዱ ስለማይለወጥ፣ የልጅ ልጆቹም በዚያው ተጠሩ። ስለዚህ ሜዲና የተባለ ሁሉ የዓረብ ዘር አለው ማለት አይደለም። ክርስቲያኑም አይሁዱም ይዞታል። በ1700 ከእንግሊዙ ንጉሥ ዊሊያም ሦስተኛ የ«ሰር» ማዕረግ የተቀበለው ሰሎሞን ዴ ሜዲና፣ በዚያች አገር ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ነበር።

እኛን ይበልጥ ያስገረመን ግን ሌላ ነው። ግራናዳ በ1492 ከወደቀች በኋላ ሙስሊሞቿ ተገደው ተጠመቁ፤ ሞሪስኮ የሚል መጠሪያም ተሰጣቸው። በድብቅ ረመዳንን የጾመ በኢንኩዚሽን ችሎት ይከሰስ ነበር። በ1567 ደግሞ የንጉሥ ፊሊፕ ሁለተኛ ዐዋጅ ዓረብኛ ቋንቋን፣ የባህል ልብሳቸውን፣ የመታጠቢያ ቤታቸውንና የዓረብኛ ስማቸውን ከለከለ። ፍራንሲስኮ ኑኜዝ ሙሌይ የተባሉ አዛውንት ሞሪስኮ ለባለሥልጣናቱ ረጅም አቤቱታ ጻፉ። ስማችን ከጠፋ፣ ሰው ከማን ጋር እንደሚገበያይና ከማን ጋር እንደሚጋባ በምን ያውቃል? ሲሉም ተከራከሩ። ሰሚ አላገኙም። በቀጣዩ ዓመት ዐመፅ ተነሣ፤ ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታትም ወደ 300,000 የሚጠጉ ሞሪስኮዎች ከአገር ተባረሩ።

ያው ንጉሥ በ1588 እንግሊዝን ሊወጋ ታላቁን የጦር መርከብ ጓድ ሲያዘምት አዛዥ አድርጎ የሾመው ማንን ነበር? የሜዲና ሲዶንያን መስፍን! የሞሪስኮውን ስም የፋቀ መንግሥት የመስፍኑን የዓረብኛ ማዕረግ አልነካም።

ስሙ ከስፔናውያን ጋር ውቅያኖስ ተሻግሮ ሄደ። በ1550ዎቹ ባርቶሎሜ ዴ ሜዲና የተባለ የሴቪያ ነጋዴ በሜክሲኮ ብርን በባዚቃ ከማዕድኑ የመለየት ዘዴ በሰፊው አስጀመረ። ዛሬ በስፔን የካናሪ ደሴቶች ስሙ የተለመደ ነው፤ በሜክሲኮ፣ በኮሎምቢያና በቬንዝዌላም ብዙ ሰው ይጠራበታል። ከ2012 እስከ 2020 የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት የነበሩትም ዳኒሎ ሜዲና ናቸው።

በፊሊፒንስም ሜዲናዎች አሉ። በዚያ ግን የስፔን ስም ከስፔን ዘር ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ በ1849 አገረ ገዢው ናርሲሶ ክላቬሪያ ነዋሪው ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው አዝዘው፣ ስሞች ከአንድ ትልቅ መዝገብ እየተቀነሱ በየመንደሩ ታድለው ነበርና።