ውኃ ዓይንንም መሣሪያንም ያሳስታል

የዛሬው ትምህርታችን ውኃ ውስጥ ያለን ነገር ስለ መለካት ነው።

እስቲ ይህን ሞክሩ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሳንቲም አኑሩ። ሳንቲሙ በሳህኑ ጠርዝ እስኪጋረድ ድረስ ወደ ኋላ ራቁ። አሁን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ውኃ ይጨምርበት። ሳንቲሙ ብቅ ይላል! ማን አነሣው? ማንም። ብርሃን ከውኃ ሲወጣ መንገዱ ስለሚታጠፍ ነው።

በዚህ ምክንያት 4 ክንድ የሆነ ጥሩ ውኃ፣ ከላይ ሲያዩት 3 ክንድ ይመስላል። እንግዲህ "ደረቴ ድረስ ነው" ብሎ የገባ ሰው ሊሰጥም ይችላል። በዓይን አትመኑ፤ በረጅም እንጨት ለኩ።

መሣሪያም ይሳሳታል። ሌዘር የሚባል፣ በ1952 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፈ ቀጭን ብርሃን አለ። ብርሃኑ ሄዶ አንድ ነገር ነክቶ ይመለሳል። መሣሪያው የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ይናገራል። ብርሃን በአየር ውስጥ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በውኃ ውስጥ ግን 225,000 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሂሳቡ ካልታረመ፣ ውኃ ውስጥ 3 ሜትር የሆነውን 4 ሜትር ነው ይላል።

ታዲያ እንዴት ይፈተሻል? ገበያ ላይ ሚዛን ስንጠራጠር፣ ክብደቱ የታወቀ ነገር እንጭንበት የለም? ይህም እንደዚያው ነው። ባለሙያዎች ርዝመቱ በትክክል የታወቀ ብረት ውኃ ውስጥ ያስቀምጣሉ። በሌዘር ደጋግመው ይለኩታል። ልዩነቱን ጽፈው ይይዛሉ። ከቅርብም ከሩቅም፣ በጠራም በደፈረሰም ውኃ ይሞክሩታል።

በክረምት ጎርፍ አፈር ይዞ ሲወርድ ውኃው ይደፈርሳል። ያኔ ደለሉ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ሌዘሩም ሩቅ አያይም። ለደፈረሰና በጣም ጥልቅ ለሆነ ውኃ በድምፅ የሚለካ መሣሪያ ይሻላል። ከመርሳ በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ ስትሄዱ የምታገኙት የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጎርፍ የድልድይን እግር ከሥር ሊቦረቡረው ይችላል። ያልተፈተሸ መሣሪያ "ደህና ነው" ቢል፣ በላዩ የሚያልፈው ሰውና መኪና አደጋ ላይ ነው።

እስቲ በየቡድናችሁ ተወያዩ፦
1. ሳንቲሙ ለምን ታየ?
2. መሣሪያ ከመታመኑ በፊት ምን ይደረግለታል?