አዲሱ ዓመትና የዕደ ጥበብ ባለሙያው የፈጠራ ዕቅድ

አዲስ ዓመት ሲመጣ ማቀድ በኢትዮጵያ የተለመደ ነው። ተማሪው ስለ ትምህርቱ፣ ገበሬው ስለ ማሳው፣ ነጋዴው ስለ ገበያው ያቅዳል። የዕደ ጥበብ ባለሙያው ሲያቅድ ግን በአብዛኛው የሚቆጥረው ትእዛዝን ነው፤ ስንት ነጠላ፣ ስንት ጋቢ፣ ስንት መሶብ ለማን መድረስ እንዳለበት ያሰላል። ይህ ተገቢ ነው፤ ቤተሰብ የሚያድረው በትእዛዝ ገቢ ነውና። ይሁን እንጂ ዓመቱን ሙሉ ለትእዛዝ ብቻ የሠራ ሸማኔ በጳጉሜን ዘወር ብሎ ሲመለከት፣ እጁ የሚያውቀው ባለፈው መስከረም ያውቀው የነበረውን ጥለት ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ገበያው ደግሞ እንደ ቀድሞው ታጋሽ አይደለም። የባለሙያው ጥለት በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ በርካሽ ዋጋ በሚሸጥበት በአሁኑ ጊዜ፣ ያንኑ ጥለት ደጋግሞ በመሥራት ከማሽን ጋር በዋጋ መወዳደር የሚያዋጣ መንገድ አይደለም። ማሽኑ የሚገለብጠው ትናንት የተሠራውን ነው፤ ነገ የሚሠራውን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። በመሆኑም የፈጠራ ዕቅድ ለባለሙያው የትርፍ ጊዜ ምኞት ሳይሆን የሙያው ህልውና ጉዳይ ነው።

ዕቅዱ መቼ ይጀመር?

አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን ያለፈውን ዓመት ለመመርመርና የሚመጣውን ለመተለም የተመቸች ትመስላለች። ለብዙ ሰው እውነት ነው፤ ለሸማኔ ግን አይደለም። ለእንቁጣጣሽ የታዘዘው ልብስ መድረስ ያለበት በዚያው ሰሞን በመሆኑ፣ በሸማኔ ቤት ከጳጉሜን የበለጠ ጥድፊያ ያለበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚያም መስከረም 17 ቀን የሚከበረው የመስቀል በዓል ይከተላል። ስለዚህ የሸማኔው እውነተኛ የዕቅድ ጊዜ ከመስቀል ማግሥት በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው ማለት ይቻላል።

ይህ በተለይ ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች፣ ከዶርዜና ከጨንቻ መጥተው በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳና በሌሎች ሠፈሮች በሽመና ለሚተዳደሩ ባለሙያዎች ይሠራል። ብዙዎቹ መስቀልን ለማክበር ወደ ትውልድ ቀያቸው ይመለሳሉ። ጉዞው ለበዓል ይሁን እንጂ ለሙያውም የሚሰጠው ጥቅም አለ፤ በከተማ ገበያ የተረሱ የቀለም አጣጣሎችና አሮጌ ኩታዎች የሚገኙት በወላጆችና በአያቶች ሣጥን ውስጥ ነው። አንድ አሮጌ ጥለት በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የሠራውን አዛውንት ስለ ስሙና ስለ አሠራሩ መጠየቅ፣ ከዚያም ይዞ መመለስ የአዲሱ ዓመት ሥራ መነሻ ሊሆን ይችላል። አዲስ ፈጠራ ከባዶ የሚነሣበት ጊዜ እምብዛም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የተረሳን ነገር በሌላ ዐይን ከማየት ነው።

ከመስቀል በኋላ ያሉት የጥቅምትና የኅዳር ወራት ለሸማኔው ሥራ ቀለል የሚልባቸው ናቸው። ገናና ጥምቀት ሲቃረቡ ገበያው እንደገና ይነቃል፤ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ ደግሞ የሠርግ ወቅት ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ለ55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደረግ፣ የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንታት ሁለተኛውን ፋታ ይሰጣሉ፤ ወደ መጨረሻው ግን የፋሲካ ትእዛዝ ይደርሳል። እንግዲህ አንድ ሸማኔ አዲስ ነገር ለመሞከር የሚችልባቸው ሁለት ሰፋ ያሉ ጊዜያት አሉት። ዕቅዱን ከእነዚህ ጋር ያላገናኘ ባለሙያ በጥር ወር ዕቅዱን ቢተው የሚወቀሰው በስንፍና ሳይሆን በአቆጣጠር ነው።

ሣሩ ሳይደርቅ፣ ዝናቡ ሳይመለስ

ሁሉም ሙያ በሸማኔው አቆጣጠር አይመራም። ስፌት የምትሰፋ ባለሙያ ዋና ግብዓቷ ስንደዶና አክርማ ነው፤ እነዚህም ክረምቱ ሲወጣ ተለቅመው፣ ደርቀው፣ ተሰንጥቀው ይቀመጣሉ። በዓመቱ ውስጥ ስንት መሶብ፣ ስንት ሌማት፣ ስንት ሙዳይ እንደሚሰፋ የሚወሰነው በዚያን ጊዜ በተሰበሰበው መጠን ነው። ከዚያም አልፎ የቀለሙ ውሳኔ አለ። አለላ ሆኖ የሚነከረው ሣር ምን ያህል ቀይ፣ ምን ያህል አረንጓዴ፣ ምን ያህል ጥቁር እንደሚሆን አስቀድሞ ካልታሰበ፣ ባለሙያዋ በየካቲት ወር ያሰበችውን ሐረግ የምትሰፋበት ቀለም ታጣለች፤ ወይም ያላትን ቀለም ተከትላ ያላሰበችውን ትሰፋለች። ለስፌት ባለሙያ ዕቅድ ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ሣር መቁጠር ነው።

በስፌት አዲስ ንድፍ መሞከር የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ስፌቱ ከመሐል ተነሥቶ እየዞረ ስለሚሰፋ፣ በየዙሩ የጥልፉ ቁጥር ይጨምራል። በመሐል ላይ የተፈጠረ ትንሽ የቁጥር ስሕተት ዳር ሲደርስ ሰፍቶ ይታያል፤ የቀለሙ ሦስት ማዕዘኖች እኩል ሳይሆኑ ይቀራሉ። የብዙ ሳምንት ድካም በዚህ እንዳይባክን፣ ንድፉን ቀድሞ በትንሽ ሙዳይ ወይም በትንሽ ሰፌድ ላይ መሞከር ይመረጣል። የቀለም ጽናትንም እንዲሁ መፈተን ይቻላል። ከተነከረው አለላ ጥቂት ዘለላ ወስዶ ግማሹን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ግማሹን ለፀሐይ ገልጦ ለጥቂት ሳምንታት ማቆየትና ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት በቂ ነው። መሶብ በቤት ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ዕቃ እንደመሆኑ፣ በአንድ በጋ የሚደበዝዝ ቀለም ደንበኛን ብቻ ሳይሆን የባለሙያዋን ስምም ይዞ ይሄዳል።

የሸክላ ሥራ ዓመት በአንጻሩ የሚከፈተው ዝናቡ ሲያቆም ነው። ጀበናም ሆነ ምጣድ በገላጣ ቦታ በእንጨትና በኩበት የሚተኮስ ስለሆነ፣ በክረምት ማገዶው ይረጥባል፤ ዕቃውም ውስጥ ለውስጥ ሳይደርቅ ይቀራል። እርጥበት የቀረበት ሸክላ እሳት ሲያገኘው ይፈነዳል፤ ብዙ ጊዜም አጠገቡ ያለውን ይጎዳል። ስለሆነም አዲስ ቅርጽ ወይም አዲስ የአፈር ድብልቅ የሚሞክሩ የሸክላ ባለሙያዎች፣ በአዲስ አበባ ቀጨኔም ሆነ በጎንደር አቅራቢያ በወለቃ፣ ሙከራውን በደረቁ ወራት በትናንሽ ዕቃዎች ቢጀምሩና ከትእዛዝ ዕቃ ጋር በአንድ እሳት ባያስገቡት ኪሳራው ይቀንሳል።

ግቡ ምን ያህል ይሁን?

የፈጠራ ግብ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ከትልቅነቱ የተነሣ ነው። «በዚህ ዓመት ሥራዬን አሻሽላለሁ» የሚል ዕቅድ በመስከረም ደስ ያሰኛል፤ በኅዳር ግን ምን መሠራት እንዳለበት አይናገርም። «እስከ ገና ድረስ ሦስት አዳዲስ የጥለት ናሙናዎች ሠርቼ አስቀምጣለሁ» የሚለው ግን ሲፈጸምም ሳይፈጸምም ይታወቃል። ልዩነቱ በእጅ የሚዳሰስ ነገር መኖሩ ነው።

ጊዜውን በሥሌት ማየት ይጠቅማል። በሳምንት ግማሽ ቀን ለሙከራ የሚመድብ ባለሙያ በ52 ሳምንት 26 ሙሉ ቀን ያገኛል። ከዚህ ላይ ለበዓል፣ ለለቅሶ፣ ለሕመምና ለጥድፊያ ትእዛዝ ግማሹ ቢቀነስ እንኳ 13 ቀን ይቀራል። 13 ቀን አንድን ጥለት ከሐሳብ እስከ ተጠናቀቀ ነጠላ ለማድረስ ትንሽ ጊዜ አይደለም። ችግሩ ግማሽ ቀኑ በስም ካልተጠራ፣ ማለትም የትኛው ቀን እንደሆነ ካልተወሰነና ቤተሰቡም ካላወቀው፣ ትእዛዝ የሚበላው መሆኑ ነው።

ለሸማኔው ከዚህም የቀለለ ዘዴ አለ። ለነጠላ ድር ሲያደራ ከሚፈለገው ርዝመት አንድ ክንድ ያህል ጨምሮ ቢያደራ፣ የታዘዘው ልብስ ካለቀ በኋላ በዕቃው ላይ የሚቀረው ድር ለሙከራ ይሆነዋል። የነጠላ ጥለት ባለቀለም ክር በማጉ በኩል እየገባ የሚጣል በመሆኑ፣ ለሙከራው ሌላ ድር ማድራትም ሆነ ዕቃውን እንደገና ማሰናዳት አያስፈልግም። የሚወጣው ጥቂት ክርና የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ነው። በዓመቱ መጨረሻ እነዚህ ቁራጮች አንድ ላይ ተሰፍተው ቢቀመጡ ባለሙያው ለደንበኛ የሚያሳየው መዝገብ ይሆኑለታል፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችል ባለሙያ ደግሞ ከማንኛውም ማስታወሻ ደብተር ይበልጣሉ። ቢቻል በየቁራጩ ጀርባ የተሠራበትን ወርና የክሩን ዓይነት የሚያመለክት ነገር ማሰር መልካም ነው።

ሁሉም ባለሙያ ግን የራሱ ድር የለውም። ክሩን ከነጋዴ ተቀብሎ፣ ነጋዴው የመረጠውን ጥለት ሠርቶ፣ በተቆረጠ ዋጋ የሚያስረክብ ሸማኔ ስለ ፈጠራ ቢመከር ምክሩ ባዶ ሊመስለው ይችላል። ለእንዲህ ያለ ባለሙያ የዓመቱ የመጀመሪያ የፈጠራ ግብ ጥለት ሳይሆን ክር ነው፤ በየፋታው ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ልብስ የሚሆን ድርና ማግ በራሱ ገንዘብ መግዛት። ለዚህ ብዙዎች እቁብን ይጠቀማሉ። እቁብ ጥሩ የቁጠባ መንገድ ቢሆንም ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ የክር መግዣውን ከትንሽ ሳምንታዊ ተቀማጭ ማውጣትና የእቁቡን ገንዘብ ለትልቅ ዕቃ ማቆየት ይሻላል። በማኅበር የተደራጁ ባለሙያዎች ክር በጅምላ ገዝተው ቢከፋፈሉም ወጪው ይቀንሳል።

ሥራና ስም

በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ሊገባ የሚገባው ሌላው ጉዳይ የባለሙያው ስም ነው። በኢትዮጵያ ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ለረጅም ዘመን ሥራቸው ሲፈለግ እነርሱ ሲናቁ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት በዚህ ምክንያት ነበር። ስድቡ በአብዛኛው ቢቀርም ውጤቱ ዛሬም ይታያል፤ አንድ ሥዕል የሠዓሊው ስም ሲኖርበት፣ ከሥዕሉ ያላነሰ ጊዜ የወሰደ ኩታ ግን የሸማኔውን ስም አይዝም። ገዢው የሚያውቀው ሱቁን ነው። በአዲሱ ዓመት ከእጁ የሚወጣውን እያንዳንዱን ሥራ በትንሽ ምልክት፣ በጥለቱ ዳር በምትጣል አንዲት የተለየች መስመር ወይም በተሰፋ ስም ለመለየት የሚወስን ባለሙያ፣ ደንበኛው በቀጥታ ተመልሶ እንዲመጣ መንገድ ይከፍታል።

ምልክቱ በሕግም ሊጠበቅ ይችላል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበ ምልክትን ለ7 ዓመት ይጠብቃል፤ ጊዜው ሲያበቃም ማደስ ይቻላል። አዲስ የጥለት ወይም የቅርጽ ንድፍን በተመለከተ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ስለ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የሚደነግገው ክፍል አለው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ንድፉ አዲስ መሆን ያለበት መሆኑ ነው፤ ከአባቶች የተወረሰና ሁሉም የሚሠራው ጥለት የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ አይመዘገብም። በመሆኑም አዲስ ንድፍ ያወጣ ባለሙያ ለገበያ ከማቅረቡና በፎቶግራፍ ከማሰራጨቱ በፊት የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ቢያማክር ይጠቅመዋል። ከዚህ በፊት የተጠቀሱት የናሙና ቁራጮችም ሥራው መቼ እንደተጀመረ ለማስረዳት ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ለሌላ እጅ ማስተላለፍ

በርካታ ባለሙያዎች የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጡ አንድ ወጣት ማስተማርን ይጨምራሉ። ይህ ለፈጠራም ይበጃል፤ የሚያስተምር ሰው እጁ ሳያስበው የሚያደርገውን በቃል ለማስረዳት ሲሞክር የራሱን አሠራር እንደ አዲስ ያያል። ጀማሪው የሚያነሣው የዋህ ጥያቄም አልፎ አልፎ ነባሩ ባለሙያ ሞክሮት የማያውቀውን መንገድ ይጠቁማል። ለጀማሪው በመጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ቀሰም መጠቅለል ይሁን ወይም ቀላል መቀነት፣ በዓመቱ መጨረሻ ብቻውን ሊሠራው የሚገባው ዕቃ ምን እንደሆነ ከመስከረም ጀምሮ ቢታወቅ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ።

ይሁን እንጂ ማስተማርና ማሠራት አንድ አይደሉም። ሙያ ትማራለህ ተብሎ ከገጠር መጥቶ ከትምህርት ቤት ርቆ ቀኑን ሙሉ በሽመና ጉድጓድ የሚውል ሕፃን ተማሪ ተብሎ ሊጠራ አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትንም ወጣት ሠራተኞች በሥራ ሰዓትና በሥራ ዓይነት ለይቶ ይጠብቃል። የራሱን ልጅ የሚያስተምር ባለሙያም የልምምዱን ሰዓት ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ዐይን በማይደክምበት የቀን ብርሃን ቢያደርገው ልጁ ሙያውን ሳይጠላው ያድጋል።